አዳነች ሳትመጣ አይከፈትም

የተሻለ ህሩይን ሦስተኛ ካሴት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልሰማ ኖርኩ ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ! በዚህ አገር ያንን ካሴት ያልሰማ ሰው ወይ ገና አልተወለደም ወይ ገዳም ገብቷል። ሰርግ ላይ እሱ፣ ምግብ ቤት እሱ፣ ታክሲ ውስጥ እሱ ነው። የባሰችው ደግሞ ሁለተኛው ፊት ላይ ያለችው፣ ሰዉ ሁሉ «የደብዳቤዋ ዘፈን» የሚላት ናት። እሷን ለመሸሽ ያላየሁት ፍዳ የለም።

አንድ ጊዜ ለለቅሶ ወደ ሂርና ስሄድ የሚኒባሱ ሹፌር ከፈታት። «ልጄ፣ ዝጋልኝ» አልኩት። «ማዘር፣ ይኼ እኮ የእናንተ ጊዜ ዘፈን ነው!» አለና ጭራሽ ጨመረው። ደሜ ፈላ። «ወይ ዝጋው ወይ አውርደኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ እሱም አላቅማማም፣ አቁሞ አወረደኝ። ፀሐይ ላይ ስንት ሰዓት ቆሜ ጫት ጭኖ የሚመለስ አይሱዙ አገኘሁ። ጋቢና ገብቼ በሩን ከመዝጋቴ ያም ጉደኛ ያቺኑ ዘፈን ለቀቃት። ሁለተኛ መውረድ ስላልቻልኩ ጆሮዬን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ራሴ እያንጎራጎርኩ ሂርና ገባሁ። እንደተጠቀለልኩ ለቅሶ ቤቱ ስደርስ «ወይ አንጀቷ! ከቤተሰቡ በላይ አዘነች» ብለው ደግፈው አስቀመጡኝ።

አዳነች እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የከተማችን ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ። ከተማዋን ልጆቹ ጭሮ ይሏታል፤ እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ አሰበ ተፈሪ ነበረች፣ ምላሴም እዚያው ላይ ቀርቷል። ምላሴን ካነሳሁ አይቀር፣ ሆስፒታል ውስጥ «የሲስተር አዳነች መርፌዋ አያምም፣ የሚያመው ምላሷ ነው» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ አልቀየምም።

የቀበሌ ቤት ሲሰጠኝ ግድግዳ የተጋራሁት ከአንድ አስተማሪና ከሚስቱ ጋር ነው። ዋሲሁን ይባላል፤ የደሴ ልጅ ነው፣ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ሚስቱ ዓለምሸት የሚገርም ዝምታ ያላት ሴት ናት። አገር የሌለን፣ ዘመድ የሌለን የመንግሥት ሠራተኞች ነበርንና እርስ በርስ ዘመድ ሆንን። ሚካል የምትባል ልጃቸውን ያዋለድኳትም እኔ ነኝ።

ዋሲሁን ለሙዚቃ ያለው ፍቅር ሌላ ነበር። አዲስ ካሴት ሲገዛ እንደ ሰው ላስቲኩን ቦጭቆ፣ እየሄደ፣ እየበላ፣ እያወራ አይሰማም። ሕግ ነበረው። ካሴቱ እስከ እሁድ ላስቲኩ ሳይቀደድ ይቆያል። እሁድ ከምሳ በኋላ ጎረቤቱ የየራሱን ወንበር ይዞ ግቢው ውስጥ ይቀመጣል፤ ቴፑ መስኮቱ ላይ ይወጣል፤ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ይሰማል። ወሬ የለም። ማሳል የፈለገ በዘፈንና በዘፈን መሀል ያስላል። ሁለቱም ፊት ሲያልቅ ዋሲሁን እርሳስ አንስቶ ከካሴቱ ሽፋን ጀርባ የተሰማበትን ቀንና የነበሩትን ሰዎች ስም ይጽፋል፤ ልክ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራ።

አንድ ሌላ ሕግም ነበረው፣ ለኔ የወጣ። እሁድ ተረኛ ስሆን ከሆስፒታል ስወጣ እዘገይ ነበር። ሳልሆንም እዘገይ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ጎረቤቱ «እንጀምር፣ ትደርስበታለች» ሲለው ዋሲሁን «አዳነች ሳትመጣ አይከፈትም» ይላል። እየሮጥኩ ስገባ ሰው ሁሉ ተኮሳትሮ ይጠብቀኛል። እሱ ብቻ ፈገግ ይልና እጁን ወደ ቴፑ ይዘረጋል።

በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊቆጣጠር ቦርደዴ ተላከ። ቆላ ነው፣ ወባ አለ። ዓርብ ተመለሰ። ከመናኸሪያ ወደ ቤት ሲመጣ መህዲ ሙዚቃ ቤት ጎራ ብሎ የተሻለ ህሩይን አዲሱን ካሴት ገዛ። ቅዳሜ ትኩሳት ያዘው። ላየው ስገባ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ሲስተር፣ ነገ ደግሞ እንዳታረፍጂብን» አለኝ። በነጋታው ራሱን አላወቀም። የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ፣ ሐኪሞቹም አደረጉ፤ አልሆነም። ሐሙስ ቀበርነው።

በሰፈራችን ደንብ ሐዘን የገባበት ቤት ሬዲዮና ቴፕ ይዘጋል። ሐዘንተኛዋ በራሷ እጅ አትከፍተውም፤ ነውር ነው። ዓመቱ ሲሞላ የእድር ሴቶች መጥተው ጥቁሯን ያስወልቋታል። ከዚያ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤት «በቃሽ» ብላ በገዛ እጇ ሬዲዮውን ትከፍትላታለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ እንደ ማንኛውም ቤት ይሆናል።

የዋሲሁን ዓመት ሲሞላ እኔ በደሳ ከተማ ነበርኩ። ኩፍኝ ገብቶ ለክትባት ዘመቻ ተልኬ፣ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ሦስት ወር ቆየሁ። ስመለስ ዓለምሸት ጥቁሯን አውልቃለች። «እሰይ፣ እንኳን ደህና ወጣሽ» ብዬ ሳምኳት። የእድራችን ሰብሳቢ ሰርካ የምትባል፣ ሁሉን የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። ሰርካ እያለች የሚጎድል ነገር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ሁሉም ተደርጓል ብዬ ተውኩት።

ከግድግዳው ማዶ ግን የዘፈን ድምፅ አልመጣም። ሳምንት ጠበቅኩ፣ ወር ጠበቅኩ። ቴፑ በዳንቴል ተሸፍኖ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ዳንቴሉን በየሳምንቱ አጥባ ትመልሰዋለች። ‹ይህን ያህል ብትወደው ነው፣ ዘፈን ላትሰማ ምላ ነው› አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮዬን ዝቅ አደረግኩ። ዜና ስሰማ ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጥፌ ነው። አዲስ ተከራይ ሰፈር ሲገባ ቀድሜ ሄጄ «ይቺ ሴት ስታልፍ ሬዲዮ ዝቅ ይደረጋል፣ ተግባባን?» እላለሁ። የማይግባባኝ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓለምሸት በመንገዳችን ስታልፍ ሰፈሩ ጭጭ ይል ነበር። የዋሲሁን ካሴት ሳይከፈት ለኔ ሌላ ቦታ መስማት ደግሞ ክህደት መሰለኝ፤ እሱም ቢሆን አንድ ቀን ያለኔ አልጀመረም። ያ ሁሉ መሸሽ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮ ልምጣ። ዓለምሸት ጆሮዋ ደከመ። ሚካል አሁን የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት፣ አዳማ ባንክ ትሠራለች። እናቷን እዚያ ሐኪም አሳየቻት። የግራው ጆሮ ጨርሶ ሄዷል፤ የቀኙም ወራት ቢቆይ ነው፣ መሣሪያም ብዙ አይረዳትም አሏት። ሚካል «እናቴ ለብቻዋ በሩ ሲንኳኳ እንኳ በማትሰማበት ቤት አትኖርም» ብላ ልትወስዳት መጣች። የሚሄዱት ሰኞ ነው። ዓርብ ዕለት ዕቃ ስናሸክፍ ከአልጋ ሥር የካሴት ካርቶን ወጣ።

ሚካል መሬት ላይ ቁጭ ብላ የአባቷን ጽሑፍ ታነባለች። «የካቲት አሥራ ሁለት፣ ሰርካ፣ ዓለምሸት፣ አዳነች። አዳነች አሥር ደቂቃ ዘገየች።» ሌላ አነሳች። «አዳነች ሃያ ደቂቃ ዘገየች። ጠበቅናት።» ሌላ። «አዳነች በሰዓቷ መጣች፣ ሁላችንም ደነገጥን!» ልጅቱ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ። አባቷ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረችና ሲቀልድ የሰማችው ያን ዕለት ነው።

ከካርቶኑ ሥር አንድ ላስቲኩ ያልተቀደደ ካሴት ወጣ። ተሻለ ህሩይ ሰማያዊ ኮት ለብሶ መኪና ተደግፏል። ሚካል «እንዴ! ይኼማ ስልኬ ላይ አለ» አለችና ስልኳን አወጣች። ዓለምሸት ያን ጊዜ አልጋው ላይ ነጠላ ታጥፋለች። የልጅቱን ስልክና ካሴቱን አየች፤ ብድግ ብላ እጇን ያዘቻት። «ተይ! አልሰማም።»

«እማዬ፣ አንዴ ብቻ…»

«አልኩሽ እኮ፣ አልሰማም።»

ካሴቱን ተቀበለቻት፣ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው። ግን ሻንጣ ውስጥ አልከተተችውም፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁላችንም የምናየው ቦታ አስቀመጠችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ማታ ስገላበጥ አደርኩ። የሰው ሐዘን የሰው ነው፣ አይነካም። ግን ያ ጆሮ ሊዘጋ ነው! ከተዘጋ በኋላ ‹ምነው ያን ጊዜ ሰምቼው በነበር› ብትልስ? ነርስ ነኝ፤ ሰው ከረፈደ በኋላ ምን እንደሚል ብዙ ሰምቻለሁ። ከሰኞ በፊት ያንን ካሴት ትሰማለች፣ ብትቆጣም ትቆጣ አልኩ። ቅዳሜ ዓለምሸት ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ለሚካል ነገርኳት። ዳንቴሉን ገልጠን ቴፑን በፌስታል አደረግነው፤ እኔም ይዤ ወደ መህዲ ወረድኩ።

የመህዲ ሙዚቃ ቤት አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ነው የሚሸጠው። መህዲ ራሱ አርጅቷል፣ ጢሙን ሂና ተቀብቶ በር ላይ ይቀመጣል።

«አካም ጅርታ ሲስተር? ምን ጉድ ይዘሽ መጣሽ?»

ከፌስታሉ ሳወጣው አወቀው። «ያ ረቢ! የአስተማሪው ቴፕ!» አለና እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ ተቀበለኝ። መነጽሩን አድርጎ ከፈተው። የሚያዞረው ጎማ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተጣብቋል። መህዲ ከመሳቢያው ሥር ከስንት ዓመት በፊት ካስቀመጠው ዕቃ መሀል ሌላ ጎማ ፈልጎ አስገባ። ካሴት የሚያነበውን ብረት በጥጥና በአልኮል አጠበው። «ካሴቱንም ስታወጪ ዝም ብለሽ እንዳትከቺው» አለኝ። «የቆመ ካሴት ይጣበቃል። መጀመሪያ በእስክሪብቶ እስከ ጫፍ አዙሪው፣ ከዚያ መልሺው። ቀስ ብለሽ። አንቺ ችኩል ነሽ።»

«አንተ ደግሞ!» አልኩት።

ጎማውን እያስተካከለ፣ ቀና ሳይል፣ «ሲስተር፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «ይቺ ሴትዮ በዚህ በር ስታልፍ ድምፅ እቀንሳለሁ። ሠላሳ ዓመት ቀነስኩ፣ ወላሂ። በኛ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ነው የምትቆየው። ያኔ፣ ከበደሳ የመጣሽ ጊዜ፣ ጠየቅኩሽ። ‹ሐዘኑ አለቀ? ድምፅ ልክፈት?› አልኩሽ። አንቺ ‹ቆይ፣ የኛ ይለያል፣ ሲያልቅ እኔ እነግርሃለሁ› አልሽኝ። ታዲያ አልነገርሽኝም እኮ።»

ክው አልኩ። ብያለሁ፤ ልክ እዚያው በር ላይ ቆሜ ብያለሁ። የዚያን ዕለት የተናገርኩትን ቃል ረስቼው፣ እሱ ሠላሳ ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል። ስንት ሰው ጠብቆ ይሆን አልኩ በሆዴ። ቴፑን አቅፌ አቀበቱን ወጣሁ።

እሁድ ከምሳ በኋላ ቴፑን ይዤ በጓሮ ልገባ ነበር ሐሳቤ፤ ዓለምሸት ስታሸልብ አስቀምጬ፣ በኋላ በዘዴ ልነግራት። ግቢው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ወንበሮቹ ወጥተዋል። የተሸከፉት ወንበሮች ገመዳቸው ተፈትቶ ግቢው ውስጥ ተደርድረዋል። ሚካል አንዱ ላይ ተቀምጣ በዓይኗ ‹እኔ የለሁበትም› ትለኛለች። ዓለምሸት ነጭ ለብሳ፣ ካሴቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሩን እያየች ተቀምጣለች።

«ዘገየሽ» አለችኝ።

ወደ ቀኝ ጆሮዋ ዞሬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ «መህዲ ጎማ ሲፈልግ ቆይቶ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የዛሬውን አላልኩሽም፣ አዱ።»

ቀስ ብላ፣ ያለ ቁጣ፣ ተናገረች። «ጥቁሬን ያስወለቁኝ ቀን ሰርካ ቴፑን ልትከፍት እጇን ዘርግታ መለሰችው። ‹ይኼ የአዳነች ነው፣ ስትመጣ ትከፍትልሻለች› አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ዋሲሁንም እንዲያ ነበር የሚለው። ከበደሳ ስትመጪ ቤቴን ጠርጌ ጠበቅኩሽ። ሳምሽኝና ሄድሽ። ነገ ትመጣለች አልኩ። እሁድ ሲሆን ደግሞ ዛሬ ትመጣለች አልኩ። ከዚያ ሬዲዮሽን ዝቅ ስታደርጊ ሰማሁ። መንገድ ስወጣ ሰፈሩ ሁሉ ዝም ይላል። ‹ገና ነው ማለታቸው ነው። ለባሌ ያለቀስኩት ለአዳነች አልበቃትም› አልኩ።»

ተቆጣሁ። ሳፍር መቆጣት ነው የሚቀናኝ። «ታዲያ አፍ የለሽም?» ብዬ በጆሮዋ ጮህኩ። «የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው! በቡጢ ብትመቺው ምን ነበረበት? ስንት ነገር አውርተናል! ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተናል!»

«እኔ ሐዘንተኛ ነኝ» አለች። «ሐዘንተኛ ‹በቃኝ፣ ዘፈን ክፈቱልኝ› ብላ ግድግዳ ትመታለች?»

አትመታም። የሰፈራችን ደንብ ነው፤ እኔም ብሆን አልመታም ነበር። እኔ ለሷ ብዬ ዝም አልኩ፣ እሷ ለኔ ብላ ዝም አለች፤ መሀል ላይ ሠላሳ ዓመት ሄደ፣ ጆሮዋም ሄደ። አፈር ልብላልሽ ብዬ ጉልበቷ ላይ ወደቅኩ። ሚካልም ታለቅሳለች። ዓለምሸት ራሴን ዳበሰችና «ተነሺ እንግዲህ» አለች። «አመጣሽው አይደል? ጆሮዬ ሳያልቅ ክፈቺው።»

ላስቲኩን እሷ ቀደደችው። በእስክሪብቶ እስከ ጫፍ አዞርኩት፣ መለስኩት፤ ቀስ ብዬ፣ መህዲ እንዳለኝ። ቴፑን መስኮቱ ላይ አወጣሁት። «በቃሽ፣ ዓለምዬ» አልኩና ተጫንኩት።

መጀመሪያ ሽሽሽ አለ። ቀጥሎ ክራር መጣ፣ ከዚያ ድምፁ። ወይኔ! ለካ ልጅ ነበር! በቴሌቪዥን የማውቀው ተሻለ ህሩይ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ነው። እዚህ ገና ጎረምሳ ነው፣ ጉሮሮው እንደ ምንጭ ውሃ ነው። ዋሲሁን ዓይኑን ጨፍኖ በግራ እግሩ መሬቱን ሲመታ ታየኝ። ሰርካ በርጩማዋን ይዛ ስትገባ ታየኝ። ከሆስፒታል ወጥቼ ነጩን ጋዋኔን ሳላወልቅ ስሮጥ ራሴን አየሁት፤ ወገቤ ቀጭን፣ ጸጉሬ ጥቁር። ናፈቀኝ። ሁሉም ናፈቀኝ፣ የሚያስልበትን ቦታ የሚጠብቀው ጎረቤት ሳይቀር ናፈቀኝ።

«አይሰማኝም» አለች ዓለምሸት።

ድምፁን ጨመርኩ። ሠላሳ ዓመት ዝቅ ያደረግኩትን ሁሉ ባንዴ ጨመርኩት። የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቱ ምን ጉድ መጣ ብሎ በአጥሩ ላይ ብቅ ብቅ አለ። «ምን ታያላችሁ? ወንበር ይዛችሁ ግቡ!» አልኳቸው። ገቡ። ዓለምሸት ተነስታ ቀኝ ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጠፈች፣ መዳፏንም አስደገፈች።

«ዜማው ይመጣል» አለች። «ቃሉ ነው የሚያመልጠኝ። ምንድነው የሚለው?»

«መናኸሪያ ቆሞ ነው! ዛሬ አትሂጂ ይላል!»

«ማንን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? እኔም ዛሬ ነው የምሰማው!»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺም አልሰማሽውም?»

«አንቺ ሳትሰሚ?» አልኳት።

እጄን ያዘች። እንዲህ ሆነን የአንደኛውን ፊት አምስት ዘፈን ሰማን። እሱ አንድ ስንኝ ይላል፣ እኔ በጆሮዋ እደግመዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ስጨርስ ሁለተኛው ያመልጠኛል፣ ሚካል ትሞላልኛለች። የዋሲሁን ‹ወሬ የለም› የሚለው ሕግ የዚያን ዕለት ተሻረ። አራተኛው ዘፈን የሚያስቅ ነበር፤ ቃሉን ስደግምላት ዓለምሸት ሳቀች፣ ጥርሷ ሁሉ ታየ። እሷ ስትስቅ እኔ ደግሞ ልቅሶዬ መጣ።

አንደኛው ፊት አለቀ፣ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። የደብዳቤዋ ዘፈን ያለችበት ሁለተኛው ፊት ነውና ጎረቤቱ ተመቻቸ። ሚካል ልትገለብጠው ተነሳች። ዓለምሸት ግን ካሴቱን አወጣችና ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

«ይኼኛው ለሚመጣው እሁድ ነው» አለች።

«እማዬ፣ ነገ እኮ እንሄዳለን» አለች ሚካል።

«አውቃለሁ። ካሴቱን እኔ እወስዳለሁ፣ ቴፑን አዳነች ታመጣለች። አዳማ ሩቅ አይደለም።» ወደኔ ዞረች። «አንቺ ሳትመጪ አይከፈትም።»

«ጆሮሽስ?» አልኳት፣ በደህናው ጆሮዋ ተጠግቼ። «እስከዚያ ቢብስብሽስ? አሁኑኑ ስሚው፣ ዓለምዬ፣ በናትሽ!»

«ጆሮዬ እስከ እሁድ ይቆያል» አለች። «አንቺ ብቻ እንዳትቀሪ።»

ሚካል እርሳስ አምጥታ ከሽፋኑ ጀርባ፣ አባቷ ይጽፍ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ቀኑንና የሁላችንን ስም ጻፈች። ከሥሩ «አንደኛው ፊት ብቻ» ብላ ጨመረች። ስለኔ መዘግየት ምን እንደምትጽፍ ጠየቀችን። ዓለምሸት «ተዪው፣ ቦታው አይበቃም» አለቻት።

ሰኞ ሸኘኋቸው። ከዚያ እሁድ እስኪመጣ ለእሁድ የሚሆን ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት። መህዲ ቴፑን እንደገና አጥቦ መለዋወጫ ጎማ በወረቀት ጠቀለለልኝ። «ሲስተር፣ አሁን አለቀ ልበል? ድምፅ ልክፈት?» አለኝ። «ክፈት፣ መህዲ። እስከ ጥግ ክፈተው» አልኩት።

እሁድን አላመንኩትም፤ ቅዳሜ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ተገኘሁ። ገና ረዳቱ እንኳ «አዳማ! አዳማ!» ማለት አልጀመረም። ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ያዝኩ፣ ቴፑን ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ሚኒባሱ ሞልቶ ቁልቁለቱን ወረድን። ቦርደዴ ስንደርስ አማተብኩ።

ሹፌሩ ደህና ልጅ ነው፣ ቴፑን አየና ሳቀ። «ማዘር፣ ሙዚቃ ይወዳሉ ማለት ነው! ቆይ፣ የእናንተን ጊዜ ልክፈትልዎ» አለ። ክራሩ ጀመረ፣ ወዲያው አወቅኳት፤ የደብዳቤዋ ዘፈን ናት።

«ልጄ፣ ዝጋልኝ» አልኩት።

ፊቴን አየና ደነገጠ። ቶሎ ዘጋው። «ይቅርታ ማዘር፣ ሐዘን ላይ ነዎት እንዴ?»

«የለም፣ ሐዘኑስ አልቋል» አልኩት። «አዳማ የምትጠብቀኝ ሰው አለች። ያለሷ አይከፈትም።»